እቴጌ ጣይቱ በእንጦጦ

እቴጌ ጣይቱ ብጡል (የካቲት 4 ቀን 1910 ዓ.ም. አረፉ) የዳግማዊ አፄ ምኒልክ ባለቤትና ከ1882 ዓ.ም. ጀምሮ የኢትዮጵያ እቴጌ ነበሩ። የማኅተማቸው ስም ብርሃን ዘኢትዮጵያ ነው። የአዲስ አበባን ስም ያወጡ፣ የውጫሌን ውል የተቃወሙና አድዋ የዘመቱ ንግሥት መሆናቸው በሰፊው ይታወቃል። ይህ ጽሑፍ ሕይወታቸውን ከእንጦጦ ተራራ አንጻር ይተርካል። የቤተ መንግሥት ኑሯቸው የተጀመረውም የተፈጸመውም እዚያው ተራራ ላይ ነው። በዚያ ኑሮ ውስጥ ሁለት ነገሮች ሳይለዩ ይገኛሉ፦ የሸክላ ዕቃና ሥዕል። በእንስራና በጋን ቤተ መንግሥት መርተዋል፣ በእንስራ ጦር አጠጥተዋል። ፊደል ላልቆጠረው ሕዝብ ደግሞ ታሪካቸው የደረሰው በሥዕል ነው።

ትውልድና ልጅነት

ጣይቱ የተወለዱት በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ገደማ ሲሆን አባታቸው ራስ ብጡል ኃይለ ማርያም፣ እናታቸው ወይዘሮ የውብዳር ይባላሉ። በአባታቸው በኩል የስሜን መሳፍንት ወገን ናቸው። የስሜንና የትግራይ ገዥ የነበሩት ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም አጎታቸው ነበሩ። ኋላ የየጁ ገዥ የሆኑትና በአድዋ የዘመቱት ራስ ወሌ ብጡል ወንድማቸው ናቸው።

ደጃዝማች ውቤ በስሜን ተራሮች ያሠሩት የደረስጌ ማርያም ቤተ ክርስቲያን የመቅደሱ ግድግዳ በሥዕል የተሸፈነ ነው። ካሳ ኃይሉ በ1847 ዓ.ም. ውቤን ድል ካደረጉ በኋላ ቴዎድሮስ ተብለው የነገሡት በዚሁ ቤተ ክርስቲያን ነው። ውቤ ለራሳቸው ንግሥ ያዘጋጁት ቤት ለጠላታቸው ንግሥ ዋለ ማለት ነው። የጣይቱ ቤተሰብ ከሥልጣን የወረደው በዚያው ጊዜ ስለሆነ ልጅቷ ያደገችው የትልቅ ቤት ስም እንጂ የትልቅ ቤት ኃይል በሌለበት ዘመን ነበር።

በዚያ ዘመን ለሴት ልጅ ብዙም ያልተለመደ ትምህርት ቀስመዋል። አማርኛ ማንበብና መጻፍ፣ ግዕዝ፣ ቅኔ፣ በገና መደርደርና ሰንጠረዥ መጫወት ያውቁ ነበር። ምኒልክን ከማግባታቸው በፊት ሌሎች ትዳሮች የነበሯቸው ሲሆን ልጅ አልወለዱም። የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ያገቧቸው በ1875 ዓ.ም. የትንሣኤ በዓል ሲሆን ሥርዓቱ የተፈጸመው በአንኮበር መድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን በቁርባን ነው። በቁርባን የተጋቡ ሰዎች መፋታት ስለማይችሉ ይህ ጋብቻ በመሳፍንቱ ዘንድ ከተለመደው የሰማንያ ጋብቻ የጠበቀ ነበር።

ከአንኮበር ወደ እንጦጦ

ምኒልክ የመናገሻ ከተማቸውን ከአንኮበር ወደ ደቡብ ምዕራብ እያዞሩ መጥተው በ1870ዎቹ በእንጦጦ ተራራ ላይ ሰፈሩ። እንጦጦ ዛሬ አዲስ አበባን ከሰሜን በኩል የሚከልላት ተራራ ነው። ወገቡና ግርጌው በአሁኑ የከተማ አከፋፈል በጉለሌና በየካ ክፍለ ከተሞች ውስጥ ይወድቃል። ቦታውን ያስመረጠው ለጥበቃ ማመቸቱ ነው። ከላይ ሆኖ ሜዳውን ሁሉ ማየት ይቻላል፣ ጠላት በድንገት ሊደርስ አይችልም።

ለኑሮ ግን አስቸጋሪ ነበር። ብርዱ ይጠናል፣ ነፋሱ አያርፍም፣ በክረምት መብረቅ ይበዛል። የማገዶ እንጨት እያለቀ ሄደ። ውሃ ከምንጭና ከወንዝ ተቀድቶ ዳገት በሰው ጀርባ መውጣት ነበረበት። ንጉሡ ሜዳውን የሚያዩበት ከፍታ ውሃ ቀጂዋ በየዕለቱ እንስራ አዝላ የምትወጣው ዳገት ነው። ስለ እንጦጦ ከተማ ሲነገር ይህ ሁለተኛው ወገን ብዙ ጊዜ ይረሳል።

በተራራው ላይ የተሠራው ቤተ መንግሥት የእንጨትና የጭቃ ሥራ ነው። ግድግዳው ተመርጎ በኖራ ተለቅልቋል፣ ጣሪያው ሣር ክዳን ነበር። ዛሬ ከእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ሲታይ ስፋቱ ከአንድ የደኅና ባላገር ግቢ ብዙ የማይበልጥ መሆኑ ጎብኚውን ያስገርማል። ከመቃረቢያዎቹ አንዱ ወጥ ቤት፣ አንዱ ጠጅ ቤት፣ አንዱ የእንጀራ መጋገሪያ ነበር። የጣይቱ አስተዳደር የጀመረው ከእነዚህ ቤቶች ነው።

የእቴጌዋ ጓዳና የሸክላ ዕቃ

በዚያ ዘመን ቤተ መንግሥት ግብር ማብላት የአገዛዝ ሥራ እንጂ ድግስ ብቻ አልነበረም። ወታደሩ፣ መኳንንቱ፣ ካህኑና ከሩቅ የመጣው ባለጉዳይ በአዳራሽ ይበላሉ። ማን የት እንደተቀመጠ፣ የትኛው ብልት ለማን እንደቀረበ፣ ጠጁ ለማን ቀድሞ እንደተቀዳ ሁሉም ያያል፤ ሹመትና ሽረት ከመነገሩ በፊት ከማዕድ ላይ ይነበባል። ስለዚህ ጓዳውን የያዘ ሰው የመንግሥትን አንድ ትልቅ እጅ ይዟል።

ጓዳው ደግሞ የሸክላ ጓዳ ነው። ውሃ በእንስራ ይመጣል፣ በማድጋ ይጠራቀማል። ጠላና ጠጅ በጋን ይጠመቃል፣ በገንቦ ይጓጓዛል። ወጥ በሸክላ ድስት ይሠራል፣ እንጀራ በሸክላ ምጣድ ይጋገራል፣ ቡና በጀበና ይፈላል። ብረት ድስት ብርቅ በነበረበት ጊዜ ሸክላ ሠሪ ከሌለች ግብር የለም፣ ግብር ከሌለ ሠራዊት አይሰበሰብም።

ዕቃው የሚሠራበት መንገድ ዛሬም ድረስ ብዙ አልተለወጠም። ሸክላ ሠሪዋ አፈሩን ከመረጠችው ቦታ ቆፍራ ታመጣለች፣ ታደርቃለች፣ ትወቅጣለች፣ ትነፋለች፣ ከዚያ በውሃ አቡክታ እንደ ሊጥ ታሻለች። በየቦታው እንደ አፈሩ ጠባይ የተሰበረ ሸክላ ማለትም ገል ተፈጭቶ ይጨመርበታል፤ ይህም ሲተኮስ እንዳይሰነጠቅ ይረዳል። ማሽከርከሪያ የለም፤ ዕቃዋ አትዞርም፣ ሠሪዋ ራሷ በዕቃው ዙሪያ ትዞራለች። ቅርጹ ከወጣና ጥቂት ከደረቀ በኋላ በለስላሳ የወንዝ ድንጋይ ይወለወላል። ከዚያ ሜዳ ላይ በእንጨት፣ በኩበትና በሣር ተሸፍኖ ይተኮሳል። ገና ትኩስ ሳለ በቅጠል ወይም በገለባ ጭስ ሲታፈን ጥቁር ቀለም ይይዛል።

ከእሳት የወጣ ዕቃ ወዲያው ለሥራ አይውልም፣ ይሟሻል። ምጣዱ በጎመን ዘር ይታሻል። ጋኑ በግራዋ ቅጠል ይታጠብና በወይራ ጭስ ይታጠናል፤ የጠላና የጠጅ ጣዕም ግማሹ ከዚህ ጭስ ይመጣል። ማሩ በውሃ ተበጥብጦ ጌሾው ከገባ በኋላ የጋኑ አፍ ታስሮ በጭቃ ይመረጋል። ጋን በባሕላችን የትልቅ ሰው ምሳሌ ሆኖ የቀረው በዚህ ምክንያት ነው። ታላላቆች ሲያልቁ ታናናሾች በቦታቸው መቀመጣቸውን አማርኛ የሚናገረው በጋንና በምንቸት ነው።

የእንጦጦ ማርያም ግብር

እንጦጦ ማርያም ተሠርታ ስታልቅ በ1880 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ቅዳሴ ቤቷ በትልቅ ግብር ተከበረ። ግብሩን ያሰናዱት ጣይቱ ናቸው። የምኒልክ ዜና መዋዕል ጸሐፊ ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ ስለ ጦርነትና ስለ ሹመት በሚጽፉበት ብዕር ለዚህ ግብር ሰፊ ቦታ ሰጥተውታል፤ የወጡን ዓይነት፣ የእንጀራውን፣ የሥጋውንና የጠጁን ብዛት ሳይታክቱ ዘርዝረዋል። የዜና መዋዕል ጸሐፊ ጓዳ ገብቶ ወጥ ሲቆጥር ያልተለመደ ነገር ነው።

የኢትዮጵያን ምግብ ታሪክ ያጠናው አሜሪካዊው የታሪክ ምሁር ጄምስ ማካን ይህን ግብር እንደ ትልቅ ምዕራፍ ይቆጥረዋል። ምክንያቱም ከሰሜን የመጣችው ጣይቱ፣ በሸዋ መሬት ላይ፣ ከየአቅጣጫው የመጣ እህል፣ ቅመም፣ ማርና ከብት ይዛ ባንድ ማዕድ ላይ አቅርባለች። ዛሬ በተለምዶ የሐበሻ ምግብ የሚባለው የወጥና የእንጀራ አቀራረብ በቤተ መንግሥት ደረጃ ጎልቶ የታየው በዚህ ዓይነት ግብር ነው። ለምኒልክ ደግሞ ሌላ ትርጉም ነበረው። ያኔ ገና የሸዋ ንጉሥ ነበሩ፤ በላያቸው አፄ ዮሐንስ አሉ። እንደ ንጉሠ ነገሥት ማብላት የሚችል ንጉሥ መሆናቸውን ግብሩ ተናግሯል።

ከዚያ በኋላ ብዙ ሳይቆይ ክፉ ቀን መጣ። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ድረስ የከብት በሽታ በሬዎቹን ፈጀ፣ ድርቅና አንበጣ ተከተለ፣ የሚያርስ በሬ ጠፋ፣ ሕዝብ በረሃብ አለቀ። ምኒልክ መኳንንቱ አርአያ እንዲከተል በዶማ መሬት ቆፍረዋል። እንጦጦም የሚጠግቡ ባለሟሎች ሳይሆን የሚለምኑ ረሃብተኞች የሚሰበሰቡባት ከተማ ሆና ሰነበተች። የዚያን ትልቅ ግብር ዝርዝር የሚያነብ ሰው ከገጹ በስተጀርባ ይህ እንዳለ ማስታወስ ይገባዋል።

አፄ ዮሐንስ በመተማ ከሞቱ በኋላ ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. በዚያችው በእንጦጦ ማርያም በአቡነ ማቴዎስ እጅ ንጉሠ ነገሥት ተብለው ተቀቡ። ጣይቱ በሁለተኛው ቀን፣ ጥቅምት 27፣ እቴጌ ተብለው ዘውድ ጫኑ።

ፍል ውሃና አዲስ ከተማ

ከዚህ ቀደም ብሎ፣ በ1879 ዓ.ም.፣ ጣይቱ ከእንጦጦ በታች ባለው ሜዳ ከፍል ውሃው አጠገብ ቤት እንዲሠራላቸው ጠይቀው ተፈቅዶላቸዋል። አየሩ ከተራራው ይለሰልሳል፣ ውሃው ቅርብ ነው። ቦታውን አዲስ አበባ ያሉት እርሳቸው ናቸው። መኳንንቱም ተከትለው በየጉብታው ቤት እየሠሩ ወረዱ፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥ የመንግሥቱ መቀመጫ ከተራራው ወደ ሜዳው ተዛወረ። እንጦጦ የቤተ ክርስቲያን ደብርና የትዝታ ቦታ ሆና ቀረች። የማገዶው ችግር ግን ከተማዋን ተከትሎ ወርዶ ስለነበር በ1880ዎቹ ከውጭ የመጣው ባሕር ዛፍ ተተክሎ ተራራውን ዛሬ የምናውቀውን መልክ አስያዘው።

አድዋ፦ ውሃና እንስራ

ከጣሊያን ጋር በ1881 ዓ.ም. የተፈረመው የውጫሌ ውል አንቀጽ 17 በጣሊያንኛው ኢትዮጵያን የጣሊያን ጥገኛ የሚያደርግ ሆኖ ሲገኝ፣ ከጣሊያኑ መልእክተኛ ከአንቶኔሊ ጋር በተደረገው ክርክር ጣይቱ ከፊት ቆመዋል። ይህ ጉዳይ በሌሎች ጽሑፎች በስፋት ስለተተረከ እዚህ አይደገምም።

ምኒልክ በ1888 ዓ.ም. ጥቅምት ወር ከአዲስ አበባ ሲነሡ እቴጌዋ የራሳቸውን ጦር ይዘው አብረው ዘመቱ። የኢትዮጵያ ጦር በዚያ ዘመን ስንቁን የሚያዘጋጁለት ሴቶች ነበሩ። ገንቦና ቅል አዝለው፣ ምጣድና ድስት ጭነው፣ እህል እየፈጩ ከሠራዊቱ ኋላ ይጓዛሉ። ስለ ጦርነቱ የጻፉ የውጭ ሰዎች ጠመንጃና መድፍ በጥንቃቄ ቆጥረዋል፤ ምጣድ የቆጠረ የለም።

በኅዳር 28 ቀን 1888 ዓ.ም. በአምባላጌ ድል ከተገኘ በኋላ ጣሊያኖች በመቀሌ እንዳ ኢየሱስ ላይ በሠሩት ምሽግ ውስጥ በሻለቃ ጋሊያኖ መሪነት መሸጉ። ምሽጉን በቀጥታ ለመስበር የተደረገው ሙከራ ብዙ ሰው አስጨረሰ። የምሽጉ ድካም ውሃው ላይ ነበር፤ የሚቀዱበት ምንጭ ከቅጥሩ ውጭ ነው። ምንጩ እንዲያዝ ሐሳብ ያቀረቡት ጣይቱ ሲሆኑ የራሳቸውን ሰዎች ልከው አስያዙት። ጣሊያኖቹ በጥም ተጨንቀው በጥር ወር ምሽጉን ለቀው ወጡ። ውሃ ዳገት የሚወጣበትን የእንጦጦን ኑሮ የሚያውቅ ሰው ከፍታ ላይ የተቀመጠ ጦር በምን እንደሚሸነፍ ለመረዳት የጦር ትምህርት ቤት አያስፈልገውም።

የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በአድዋ ጦርነቱ ሲጀመር ጣይቱ ከጦራቸው ጋር በሜዳው ነበሩ። በሰፈሩ ያሉትን በሺህ የሚቆጠሩ ሴቶች አሰባስበው በእንስራና በገንቦ ውሃ እየቀዱ ለሚዋጋውና ለቆሰለው እንዲያደርሱ አድርገዋል። ሙሉ ቀን በጸሐይ ለሚዋጋ እግረኛ ይህ ከጥይት ያላነሰ ነገር ነው። ጦርነቱ በኢትዮጵያ ድል ተፈጸመ።

ከድሉ በኋላ የውጭ መንግሥታት መልእክተኞቻቸውን ወደ አዲስ አበባ ላኩ። ምኒልክ ለእንግሊዝ፣ ለሩሲያ፣ ለፈረንሳይና ለሌሎችም በሰሜን ምሥራቅ፣ ከእንጦጦ ግርጌ፣ ሰፋፊ ቦታ ሰጧቸው። በየካ በኩል ኤምባሲዎች የበዙበት ምክንያት ይህ ነው። ፈረንሳይ ለጋሲዮን የሚባለው ሰፈርም ስሙን ያገኘው ከዚያ ነው።

የአድዋ ሥዕል

የአድዋ ድል ከተነገረባቸው መንገዶች ሁሉ ለሕዝቡ የቀረበው ሥዕል ነው። ሠዓሊዎቹ ብዙዎቹ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል የተማሩ ስለነበሩ ጦርነቱን በዚያው ሥርዓት ሣሉት። ከላይ በደመና ውስጥ ቅዱስ ጊዮርጊስ በነጭ ፈረስ ይታያል፤ ጦርነቱ የተካሄደበት 23ኛው ቀን በየወሩ የእርሱ በዓል ነው። በአንድ ወገን ኢትዮጵያውያን፣ በሌላው ጣሊያኖች ይሰለፋሉ። በጥንቱ ልማድ መልካም ሰው ፊቱ ሙሉ ሆኖ ሁለት ዓይኑ ይታያል፤ ክፉ ሰው በጎን ተሥሎ አንድ ዓይን ብቻ ይኖረዋል። ስለዚህ ፊደል ያልቆጠረ ሰው እንኳ ወገንና ጠላትን ለመለየት አይቸገርም።

ምኒልክ ዘውድ ደፍተው ጃንጥላ ተይዞላቸው ይቆማሉ። ጣይቱ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በታችኛው በኩል በበቅሎ ወይም በፈረስ ላይ ሆነው፣ ፊታቸውን በከፊል ሸፍነው፣ በአንዳንዱም መሣሪያ ይዘው ይታያሉ። ጃንጥላ ለእርሳቸውም ተይዟል። በሃይማኖት ሥዕል ውስጥ ጃንጥላ የክብር ምልክት ስለሆነ ተመልካቹ ትርጉሙን አይስተውም። በጦርነት ሥዕል ላይ ሴት በራሷ ስምና በራሷ ጦር መሐል ስትሣል ይህ በኢትዮጵያ ሥዕል ውስጥ ከሚጠቀሱት ጥቂት ምሳሌዎች ዋነኛው ነው።

ይህ የአሣሣል ልማድ በአዲስ አበባ ገበያ ከሌላ ተረት ጋር ጎን ለጎን ኖሯል። የንግሥተ ሳባና የንጉሥ ሰሎሞን ታሪክ በ44 ትንንሽ ክፍሎች ተከፋፍሎ በአንድ ሸራ ላይ ይሣላል፤ ተመልካቹ ከግራ ወደ ቀኝ እየተከተለ ከዘንዶው መገደል እስከ ቀዳማዊ ምኒልክ ንግሥ ይደርሳል። የአድዋው ሥዕል ግን ክፍል የለውም። ጥዋቱም ማታውም፣ ተኩሱም ሽሽቱም በአንድ ሜዳ ላይ በአንድ ጊዜ ይታያሉ።

የወለቃ ሸክላና የባለ እጅ ክብር

ያው የንግሥተ ሳባ ታሪክ በሸራ ብቻ አልቀረም። የጣይቱ ወገን ከሆነው ከጎንደር አገር፣ ከከተማዋ በስተሰሜን ባለችው በወለቃ መንደር፣ ቤተ እስራኤል ሴቶች ከጋንና ከጀበና ሌላ ትንንሽ የሸክላ ምስሎችን በመሥራት ታውቀዋል። ሰሎሞንና ሳባ፣ አንበሳ፣ ቡና የምታፈላ ሴት፣ እንስራ ያዘለች ሴት፣ መጽሐፍ የያዘ ቄስ ከሚሠሩት መካከል ናቸው። የትልቁ ታሪክ ንግሥትና የየዕለቷ ውሃ ቀጂ በአንድ አፈር፣ በአንድ ቁመት፣ በአንድ እሳት ይወጣሉ። እነዚህ ምስሎች የተስፋፉት በ20ኛው ክፍለ ዘመን ለጎብኚ በመሸጥ ነው። ሠሪዎቹ አብዛኞቹ በ1970ዎቹና በ1983 ዓ.ም. ወደ እስራኤል ሄደዋል፤ በመንደሯ ግን ሥራው በሌሎች እጅ ቀጥሏል።

በእንጦጦ ግርጌ ደግሞ፣ በአሁኑ ጉለሌ ውስጥ፣ ቀጨኔ የሸክላ ሠሪዎችና የሸማኔዎች ሰፈር ሆኖ ቆይቷል። ቤተ መንግሥትና ገበያ ባለበት ሁሉ ባለ እጅ ይከተላል። ከቀጨኔ የወጣ ጀበናና ምጣድ የአዲስ አበባን ጓዳ ከመቶ ዓመት በላይ ሞልቶታል።

ነገር ግን ዕቃው የተከበረውን ያህል ሠሪው አልተከበረም። ሸክላ ሠሪና ብረት ሠሪ በብዙ ቦታ ቡዳ እየተባሉ ይፈሩ ነበር። የእርሻ መሬት መያዝ ይከለከላሉ፣ ከሌላው ጋር አይጋቡም፣ አብረው አይበሉም። በሠራችው ጋን የተጠመቀው ጠጅ ንጉሡ ፊት ሲቀርብ እርሷ ራሷ ጎረቤቷ ቤት ማዕድ የማትቀርብ ሴት ነበረች። ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ሠራተኛን በሙያው ምክንያት መስደብን ከለከሉ። ብረት ሠሪው፣ ሸማኔውና አራሹ በሥራቸው እየተነወሩ አገሩ ባለ እጅ አልባ እየሆነ መምጣቱን አዋጁ ይገልጻል፤ የሚሳደብ ሰውም እንደሚቀጣ ያስጠነቅቃል። አዋጁ የወጣው ጣይቱ በቤተ መንግሥቱ ውስጥ ከፍተኛ ተሰሚነት በነበራቸው ጊዜ ነው። ስድቡ ግን በአዋጅ አልቆመም። በቀጨኔ የተወለዱ ሰዎች ከዚያ በኋላም ለብዙ ዘመን የእናታቸውን ሙያ ሲደብቁ ኖረዋል።

ሆቴልና አዳራሽ

ግብር የማብላት ልምድ በከተማዋ ሌላ መልክ ያዘ። በ1898 ዓ.ም. እቴጌዋ በፒያሳ ያሠሩት ሆቴል በኢትዮጵያ የመጀመሪያው ሲሆን እስከ ዛሬ በስማቸው ጣይቱ ሆቴል እየተባለ ይሠራል። ለመብላት ገንዘብ መክፈል ነውር ይመስል በነበረበት አገር የሆቴል ሥራ በንግሥት መጀመሩ ነገሩን አቀለለው። በጥር 2007 ዓ.ም. የእሳት አደጋ ደርሶበት ከፊሉ ተቃጥሎ ነበር፤ በኋላ ታድሷል።

ከሥልጣን መውረድና የመጨረሻዎቹ ዓመታት

ምኒልክ በሕመም ከተያዙ በኋላ ጣይቱ መንግሥቱን በስማቸው መምራት ጀመሩ። ሹመት ሰጡ፣ ሻሩ፣ የወንድማቸውንና የሰሜን ዘመዶቻቸውን ወገን አጠነከሩ። የሸዋ መኳንንት ይህን አልወደዱም። በመጋቢት 1902 ዓ.ም. ተሰብስበው ከመንግሥት ሥራ እንዲርቁና ባላቸውን በማስታመም ብቻ እንዲወሰኑ አደረጉ፤ እንደራሴነቱ በራስ ተሰማ ናደው እጅ ሆነ። በጣይቱ ላይ ከቀረበው ክስ ዋናው አድልዎ ነው። ክሱ እውነት አልነበረም ማለት አይቻልም፤ ከሳሾቹ ግን ከተመሳሳይ ነገር ንጹሕ አልነበሩም።

ከዚያ በኋላ ከሦስት ዓመት በላይ መናገርና መንቀሳቀስ ያቃታቸውን ንጉሥ አስታመሙ። ምኒልክ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ሲያርፉ ጣይቱ ከቤተ መንግሥቱ ወጥተው ወደ እንጦጦ ማርያም ተመለሱ። ከ30 ዓመት በፊት እንደ አዲስ ሙሽራ የወጡበትን ዳገት እንደ ግዞተኛ ወጡት። በተራራው ላይ በጸሎትና በጸጥታ ኖሩ። ከታች በሜዳው የልጅ ኢያሱ መንግሥት ወደቀ፣ በጥቅምት 1909 ዓ.ም. የሰገሌ ጦርነት ተካሄደ፣ የእንጀራ ልጃቸው ዘውዲቱ ንግሥተ ነገሥታት ሆኑ። በ1910 ዓ.ም. ወደ ጎንደር አገር ሄደው ቀሪ ዕድሜያቸውን በዚያ ለመፈጸም ጠየቁ፤ አልተፈቀደላቸውም። ጥቂት ወራት ቆይተው የካቲት 4 ቀን 1910 ዓ.ም. በእንጦጦ አረፉ። አፅማቸው በአዲስ አበባ በታዕካ ነገሥት በዓታ ለማርያም ገዳም ከምኒልክና ከዘውዲቱ አጠገብ ይገኛል።

በእንጦጦ ማርያም ቅጥር ግቢ የዳግማዊ ምኒልክና የእቴጌ ጣይቱ መታሰቢያ ሙዚየም አለ። አልባሳት፣ ዘውድ፣ ከበሮና የጦር መሣሪያ ይታይበታል። ከሙዚየሙ ጥቂት እርምጃ ርቆ በኖራ የተለቀለቀው የጭቃ ቤተ መንግሥት ቆሟል። ጠዋት ጠዋት የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ በጀርባቸው የተሸከሙ ሴቶች በአጠገቡ አልፈው ወደ ከተማ ይወርዳሉ፤ ከሸክማቸው የሚበዛው ለምጣድ ማገዶ የሚሸጥ ነው።